አሚን የተነፈጋቸው መምህር አራጌ ሞላ

ነገር ሁሉ የተበላሸው ግንቦት 17 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ እዚሁ ቆቦ ላይ ነው። በዚያ ቀን የራያ ቆላ የቀድሞ ታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ በአዳራሽ ተመረቀ፤ ዛሬ አስከሬናቸው በፊታችን ያረፈው መምህር አራጌ ሞላም ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ በጭብጨባ መካከል ተነሥተው፣ ስማቸው በሽፋኑ ላይ በጉልህ የተጻፈበትን የመጀመሪያ ቅጂ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገብተው መቶ አሥራ አራተኛውን ገጽ እስኪገልጡ ድረስ ደስተኛ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ከስድስት ወር ኖረዋል፤ ደስ ብሏቸው ግን አላየናቸውም።

ዜና ሕይወት ከልደት እንደሚጀምር አላጣሁትም። እኔ የወንድማቸው ልጅ ዘላለም ይህንን ያስቀደምሁት፣ ሐዘንተኛው ሕዝብ የሚሰማው የአንድ ሽማግሌ መምህር ታሪክ ብቻ ሳይሆን የተወሰደባቸው ስምም ጭምር መሆኑን ከወዲሁ እንዲያውቅ ብዬ ነው። አሁን ወደ ሥርዓቱ እገባለሁ።

መምህር አራጌ ከአባታቸው ከአቶ ሞላ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉ አሊጋዝ በታኅሣሥ ወር 1941 ዓ.ም. ከቆቦ በስተ ምዕራብ፣ ከተራራው ሥር ባለች የገበሬ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከደጋ ወርደው የሰፈሩ ሰው ሲሆኑ፣ በክረምት የሚወርደውን የሆርማት ወንዝን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ እየጠለፉ ማሽላቸውን ያጠጡ ነበር። ጎርፉ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው፣ ከክርስቲያኑ ወደ እስላሙ ማሳ የሚያልፍ በመሆኑ መምህርም ያደጉት ከሁለቱም ወገን ልጆች ጋር በአንድ ጭቃ እየተንቦራጨቁ ነው፤ ከታችኛው መንደር ጓደኞቻቸው የለቀሟቸውን የኦሮምኛ ቃላት እስከ ሽምግልናቸው ድረስ በጨዋታቸው ውስጥ ጣል ያደርጉ ነበር።

ፊደልን በደብር ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በቆቦ ተከታትለው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1962 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ በጎብዬ፣ በዋጃ፣ በሮቢት፣ በመጨረሻም በቆቦ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት አማርኛና ታሪክ አስተማሩ። በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሻረግ አስፋው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው የትናየትንና ትዕግሥትን አፈሩ።

መምህር አራጌ የቀደሙ ሰዎችን ሕይወት መጻፍ የጀመሩት በለቅሶ ቤት ነው። በ1974 ዓ.ም. ጎብዬ ላይ አንድ ባለጠጋ ሞተው ዜና ሕይወታቸው ሲነበብ፣ አንባቢው ሟቹ በዕድሜያቸው ሙሉ ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ ደግ ሰው መሆናቸውን ሲናገር፣ ከመምህር አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጣት የጎደለውን ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው አዩትና «ታዲያ ይቺን የቆረጠብኝ ማን ኖሯል?» አሉ። ዙሪያው የነበረው ሰው ሳቁን በነጠላ ሸፈነ። መምህር ግን አልሳቁም። «ሰውዬው ደግ ነበሩ፤ ጣትም ቆርጠዋል። ሁለቱም ካልተጻፈ ምኑ ተጻፈ?» ብለው በሳምንቱ ባለ ሁለት መቶ ገጽ ደብተር ገዙ።

ከዚያ በኋላ የነበራቸው አሠራር በሌላ አገር ስለመኖሩ አላውቅም፤ ታሪክ በተማርሁበት ዩኒቨርሲቲም አላየሁትም። የአንድን ሰው ሕይወት ከጻፉ በኋላ ከግራር ዛፍ ጥላ ሥር ሰው ሰብስበው ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ከዚያም ሦስት ሰዎች በገጹ ግርጌ አሻራቸውን ያኖራሉ። አንዱ ከሟቹ ዘር፣ አንዱ ከሟቹ ባላንጣ ዘር፣ ሦስተኛው ከሁለቱም ያልሆነ ባዕድ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ ጣቱን ካላኖረ ያ ሕይወት አልተጻፈም፤ ይቀደዳል። የአያቱን ጀግንነት ሊያጽፍ ዶሮ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ጎበዝ መሆናቸውን ጠላታቸው ይንገረኝ፤ ዶሮዋን ለልጆችህ መልስ» እያሉ ይሸኙት ነበር። ሼህ ዘካሪያስ የተባሉ የዋጃ አዛውንት፣ ለብዙዎቹ ገጾች ባዕድ ምስክር ሆነው ጣታቸው በቀለም የጠቆረባቸው ወዳጃቸው፣ «አንተ ሰው፣ ተኝቶ ያረፈውን ሁሉ ትቀሰቅሳለህ፤ ወላሂ፣ በቂያማ ዕለት የሚከስህ ብዙ ነው!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። መምህርም «እርስዎ ምስክር ይሆኑኛላ፣ ሼህ» ይሉ ነበር።

በዚህ ሁኔታ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የአርባ ሁለት ሰዎችን ሕይወት ጻፉ፤ የውኃ አባቶችን፣ አስታራቂዎችን፣ አዋላጆችን፣ ከአፋር በግመል ጨው ያመላለሱ ነጋዴዎችን፣ አንዲት መነኩሴ፣ አንድ ሽፍታ። ይህ ሥራ ቤታቸውን ጎድቶታል። ጉድለታቸው እንዲነገር እርሳቸው ራሳቸው ያዘዙ በመሆኑ አልደብቀውም፤ ተማሪ ይመቱ ነበር፤ ግትር ነበሩ፤ ልጃቸው የትናየት ስትዳር አንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ሳይሞቱ ልስማቸው ብለው ዞብል ወጥተው፣ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ አቧራቸውን እያራገፉ ደረሱ። ወይዘሮ የሻረግም በዚያ ቀን «የሞተውን ሁሉ ታውቃለህ፤ በሕይወት ያለነውን ማን ይንገርህ?» አሏቸው።

አሁን ወደ መቶ አሥራ አራተኛው ገጽ መጣሁ። የምናገረውን የምናገረው ከሁለቱም ወገን ተፈቅዶልኝ ነው፤ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በታች ይታያል።

በ1936 ዓ.ም. ክረምቱ በከፋ ጊዜ ከወንዙ በላይ ግራዝማች አምባዬ፣ ከወንዙ በታች ደግሞ ሱሩር ዓሊ ነበሩ። ሱሩር የታችኛው መንደር የውኃ አባት ነበሩ፤ ጎርፍ በተራው ለየማሳው እንዲደርስ የሚዳኙ ሰው። ሕጉ ውኃው ከላይኛው ማሳ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ግድቡ ይቈረጣል፤ ለታችኛው ይለቀቃል የሚል ነው። በዚያ ዓመት ግራዝማች ውኃው ጉልበት እስኪደርስ ይዘው አልለቀቁም። ሱሩርም ዶማቸውን ይዘው ብቻቸውን መጥተው ግድቡን መቁረጥ ሲጀምሩ፣ ከግራዝማች ጠባቂዎች አንዱ ተኩሶ በግድቡ ላይ ገደላቸው። ሁለቱ ወገኖች ለመተላለቅ ጦር በሰበቁበት ሳምንት ግራዝማች አምባዬ፣ ያ ኩሩ ሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ የወፍጮ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው፣ ከደጋው ሥር እስከ ታችኛው መንደር በእግራቸው ወርደው ከሱሩር ደጅ ወደቁ። «ገዳይ የእኔ አሽከር ነው፤ ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ» አሉ። የሱሩር ቤተ ሰብም ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረደላቸው። ደሙ ታረቀ፤ ውኃውም እስከ ዛሬ ሕጉን ይዞ ይወርዳል።

የእርቁ ቃል ኪዳን አንድ ብርቱ ሕግ ነበረው። የታረቀ ደም አይወራም። ያንን ነገር ደግሞ በአፉ ያነሣ ሰው ደሙን እንደ ቀሰቀሰ ይቆጠራል፤ በሽማግሌ መካከል አይቀመጥም፤ ሲመርቅም አሚን አይባልለትም። ስለዚህ መምህር አራጌ ይህንን ታሪክ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠኑ። በመጨረሻም በ1994 ዓ.ም. የሱሩር ልጅ ወይዘሮ ሀስና እና የግራዝማች ልጅ ወይዘሮ ጌጤ ፈቀዱላቸው፤ ፈቃዱም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጽሑፍ ብቻ፣ ሦስቱ አሻራ ካረፈበት ቃል ሳይጨመርና ሳይቀነስ የሚል ነበር። መምህርም ከተጻፈው በቀር ነገሩን በአፋቸው ላያነሡ በመስቀል ማሉ።

በግራሩ ጥላ ሥር የተነበበ ዕለት እኔም ነበርሁ። ወይዘሮ ሀስና ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው ሲያበቁ «እሱ እንዳለው ነው። አባቴ ዶማ እንጂ ጠመንጃ አልያዘም። አላህ ይዘንለት» አሉና ጣታቸውን ለቀለሙ ሰጡ። ወይዘሮ ጌጤም ከተቀመጡበት ቀና ብለው «የኔም አባት ድንጋዩን ተሸክሟል። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ስማ አንተ መምህር፣ ድንጋዩን ረስተህ የተገኘህ እንደሆነ ላንተው ነው የማሸክምህ!» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ሁለቱ ባልቴቶችም አንዷ የሌላዋን የቀለም ጣት በመቀነቷ ጠረገች። ሼህ ዘካሪያስ ሦስተኛ ሆነው አሻራቸውን አኖሩ። ሦስቱም ዛሬ በሕይወት የሉም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በእኔ ስሕተት ነው። በ2005 ዓ.ም. የአካባቢውን ታላላቅ ሰዎች ታሪክ የሚያሳትም ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ የግራዝማች የልጅ ልጅ አቶ ሰለሞን ወርቅነህ ሰብሳቢ ሆኑ። መምህር ደብተሩን ከቤት ለማውጣት አልፈለጉም ነበር። እኔ ግን የሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ መጥቼ «ጋሼ፣ ደብተር ምስጥ ይበላዋል፤ መጽሐፍ ግን ይኖራል። የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ይመኑኝ» አልኋቸው። ዋናውን ደብተር፣ አሻራዎቹ ያሉበትን፣ ቅጂ እንኳ ሳላስቀር በእነዚህ እጆቼ ወስጄ ለሰብሳቢው አስረከብሁ። መምህርም ያመኑት ኮሚቴውን አይደለም፤ እኔን ነው።

በታተመው መጽሐፍ ሱሩር ዓሊ የውኃ ሌባ ሆነዋል። ሠላሳ ጠመንጃ አስከትለው ሊዘርፉ መጡ ይላል። ግራዝማች አምባዬም አገራቸውን የተከላከሉ ጀግና ተብለዋል፤ ድንጋዩ ከነጭራሹ የለም። የለወጠው ሰው አያቱን ያከበረ መስሎት፣ ግራዝማች በሕይወታቸው የሠሩትን ታላቁን ሥራ ሰረቀባቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከገጹ ግርጌ «መምህር አራጌ ሞላ እንደ ጻፉት» ይላል። ስማቸውን ቢሰርዙት ኖሮ ሌብነት ብቻ ይሆን ነበር። እነርሱ ግን በሐሰቱ ላይ ተዉት።

መጽሐፉ በተመረቀበት ዓመት በሐምሌ ወር በታችኛው መንደር አንድ ሰው ሞቶ መምህር እንደ ልማዳቸው ለለቅሶ ወረዱ። ሽማግሌዎቹ በተራ ሲመርቁ ሕዝቡ አሚን እያለ ዞሮ ከእርሳቸው ደረሰ። መዳፋቸውን ዘርግተው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የተረፈውን ይባርክላችሁ» አሉ። መቶ የሚሆን ሰው በተቀመጠበት ድንኳን አንድ ሰው እንኳ አሚን አላለም። መዳፋቸው እንደ ተዘረጋ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያም ወደ ጋቢያቸው መልሰው፣ ለባለቤቱ እጅ ነሥተው ወጡ። የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ነበሩ፤ በዚያ መንደር ውስጥ ያላስተማሩት ልጅ፣ ያላስታረቁት ጎረቤት አልነበረም። የታችኛውን መንደር ሰዎች አልወቅስም። በእጃቸው ያለው መጽሐፍ አባታቸውን ሌባ ይላል፤ ግርጌው ላይ ያለው ስምም የመምህር ነው፤ የታረቀ ደም ቀስቅሷል። ሕጋቸውን ጠበቁ።

ለምን አልተናገሩም የሚል አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ያንን ቀን በአፋቸው ማንሣት ነበረባቸው፤ እንዳያነሡት ደግሞ ምለዋል። ሐሰተኛው መጽሐፍ የከሰሳቸውን ጥፋት ካልፈጸሙ በቀር ከክሱ ነጻ መውጣት አይችሉም ነበር። እኔ ልናገር ስላቸውም «የማልሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ መሐላ አንተ አትነግድ» ብለው ከለከሉኝ። የተፈቀደላቸው የተጻፈውን ማሳየት ብቻ ነበር፤ የተጻፈው ደግሞ ከሰብሳቢው እጅ አልተመለሰም።

ስለዚህ ደብተሩን ጠየቅሁ። በ2006 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት ነው ተባልሁ። በ2008 ዓ.ም. መዝገብ ቤት ነው ተባልሁ። በ2010 ዓ.ም. ቁልፉን የያዘው ሰው ተዛውሯል ተባልሁ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ጠፋ ይሉኛል። ጦርነቱ ከተማችን የገባው እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ያጠፋውን ሁሉ እናውቃለን፤ ያላጠፋውን አንጨምርበት። የጻፍኋቸው አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ማኅተም አርፎባቸዋል፤ መልስ ግን አላረፈባቸውም።

መምህር ዐሥር ክረምት በቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አሳለፉ። ሽማግሌ ሲጠራ አልተጠሩም፤ ሙሽራ ሲመረቅ አልመረቁም። አንድ ቀን የልጃቸው የትዕግሥት ልጅ ፈተና ልትፈተን ስትሄድ «አባባ፣ መርቀኝ» ብትላቸው «እናትሽ ትመርቅሽ፤ የእኔ አይደርስም» አሏት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ባለፈው ነሐሴ የወይዘሮ ሀስናን ልጅ ወይዘሮ ጀዊሪያን ሄጄ ለመንኋቸው። ታሪኩን ሳላነሣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ የአጎቴ አፍ ይፈታላቸው አልሁ። ወይዘሮ ጀዊሪያም «እናቴ ያኔ ከግራሩ ሥር ስትመለስ እየሳቀች ነው የገባችው። ሌባ ነው ተብሎ ተነቦላት ቢሆን ትስቅ ነበር? ይህን እኔም ስብሰለሰልበት ዐሥር ዓመቴ» አሉ። ከዚያም «ከኛ በኩል ተፈቅዷል። የእነሱን አምጣ፤ አንድ እግር አይቆምም» አሉኝ። የወይዘሮ ጌጤ ልጅ ወይዘሮ በላይነሽ በጥቅምት 20 ቀን ፈቃዳቸውን ሰጡ። የአጎታቸውን ልጅ አቶ ሰለሞንን ሳይፈሩ መስጠታቸውን በዚህ ሕዝብ ፊት አመሰግናለሁ። ግን ዘግይተን ነበር። መምህር አራጌ የቆየባቸው የደም ግፊት በጥቅምት 2 ቀን ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ወስዶት ነበር። አፋቸው በተፈታ ጊዜ ቃል አልነበረውም። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ፈቃዱን ወደ እኔ አዞሩት።

ወይዘሮ ጀዊሪያ ከመኝታቸው አጠገብ ተቀምጠው ያልታመመውን እጃቸውን ያዙ። «መምህር፣ አብሽር። እናቴ የሳቀችውን እኔ አምኛለሁ» አሏቸው። ሰሙ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከታችኛው መንደር ሰው እጃቸውን የያዘላቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሆኖም የአንዲት ሴት እምነት መንደሩን አይመልስም፤ መንደሩ የአባቶቹን አሻራ ማየት ይፈልጋል፤ ልክም ነው።

መምህር አራጌ ሞላ በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ትናንት ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሻረግን፣ ልጆቻቸውን የትናየትንና ትዕግሥትን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንደ ወንድም የሚያዩአቸውን አራት የሥራ ባልደረቦችን፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያስተማሯቸውን ቁጥራቸውን የማናውቃቸውን ልጆች፣ በስማቸው የታተመ አንድ ሐሰትና እኔን ትተው አልፈዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው የሚጠብቁንን የታችኛው መንደር ሰዎችም ከእነዚህ እቆጥራቸዋለሁ፤ ዛሬ ሬሳውን እስከ በሩ የተሸከሙት እነርሱ ናቸውና። ለነፍሳቸው የሰማዩ አባት፣ ያልተለወጠው መጽሐፍ ያለው እርሱ፣ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ቦታ ይስጥልን፤ ለቤተ ሰቡ መጽናናትን ያድልልን።

አባቶቼ ካህናት፣ ፍትሐቱን ከመጨረሳችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። አቶ ሰለሞን ወርቅነህ፣ ለለቅሶ መምጣትዎን አልነቅፍም፤ ከግራ በኩል በሁለተኛው ረድፍ ቆመዋል፤ ያዩኛል፤ እኔም አይዎታለሁ። ገንዘብ አልጠየቅሁዎትም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁዎትም። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፤ ዐሥር ዓመትም እርስዎ በራስዎ አፍ አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ዛሬ ግን ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ወይዘሮ ጀዊሪያ ከበሩ ቆመው እየሰሙ ነው፤ የአክስትዎ ልጅ ወይዘሮ በላይነሽም ከጎንዎ አሉ። ሦስቱ አሻራ ያረፈበት ደብተር የት ነው? ያንን ገጽ የለወጠውስ የማን እጅ ነው? አጎቴ አፈር ሳይለብሱ ይመልሱልኝ፤ እንሰማዎታለን።